የተዳፈነ የልብ ጡንቻ ምንድን ነው?

ልብ ለመላው አካል ደም ይረጫል፤ የራሱን ድርሻ የሚያገኘው ግን በላዩ ላይ ከተጋደሙት ጠባብ የደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። ጡንቻው በእረፍት ጊዜ እንኳ ከሚደርሰው ኦክስጅን 70 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ከደሙ አሟጦ ሊወስደው የሚችለው ትርፍ ትንሽ ስለሆነ፣ ቧንቧው ሲጠብ ችግሩ ወዲያው ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሮበርት ቴናንት እና ካርል ዊገርስ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ፣ የውሻን የልብ ደም ቅዳ ዘግተው የጡንቻውን እንቅስቃሴ መዘገቡ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ የቀረው የልብ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲኮማተር ደም የተነፈገው ክፍል ግን በግፊቱ ተለጥጦ ወደ ውጭ ያብጥ ጀመር። ቧንቧው በቶሎ ከተከፈተ ጡንቻው ይድናል። በውሻ 40 ደቂቃ ያህል ተዘግቶ ከቆየ ግን የግድግዳው የውስጠኛው ሽፋን ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሞቱ እንደ ማዕበል ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ይህን ኪት ራይመር እና ሮበርት ጄኒንግስ በ1977 አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ቧንቧው ሳይዘጋ፣ ደሙ ብቻ ሲቀንስ የሚሆነው ነው። ለዚህ ጥናት አሳማ ይመረጣል። ውሻ በቧንቧዎቹ መካከል ብዙ የተፈጥሮ ማቋረጫ መንገዶች ስላሉት አንዱ ሲጠብ ሌላው ይደርስለታል፤ አሳማ ግን እንዲህ ያለ መንገድ እምብዛም የለውም። እንስሳው በማደንዘዣ ይተኛል፤ ደረቱ ይከፈታል፤ ወደ ልቡ የፊት ግድግዳ የሚሄደው ደም በፓምፕ እየተለካ ይገባል። ከዚያ ፓምፑ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀነሳል። የግድግዳው መኮማተር ወዲያው ይዳከማል። ለድንገተኛ ጊዜ የሚቀመጠው የኃይል ምንጭ፣ ክሬቲን ፎስፌት፣ ያሽቆለቁላል፤ ከልቡ በሚመለሰው ደም ውስጥም ኦክስጅን ሲያጥር የሚመረተው ላክቲክ አሲድ ይታያል። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ግን ክሬቲን ፎስፌቱ ወደ ቀድሞው መጠን ይጠጋል፣ ላክቲክ አሲዱም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፓምፑ አልተነካም፤ የሚገባው ደም ያው ግማሽ ነው። የተቀየረው ጡንቻው ነው፦ ወጪውን ከገቢው ጋር አስተካክሎ፣ ትንሽ እየሠራ በሕይወት ይቆያል።

የልብ ሐኪሙ ሻህቡዲን ራሂምቱላ በ1980ዎቹ ተመሳሳይ ነገር በሕሙማን ላይ እንዳለ አስተዋለ። ጠባሳ ሆኗል የተባለ የልብ ግድግዳ፣ በቀዶ ሕክምና ደም ሲመለስለት እንደገና ይንቀሳቀስ ነበር። እሱ ያስለመደው የእንግሊዝኛ ስም (hibernating myocardium) ክረምቱን ተኝተው ከሚያሳልፉ እንስሳት የተወሰደ ነው። እኛ አገር ግን ማታ ምድጃው ላይ ፍሙን በአመድ መዳፈንን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ፍሙ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በአማርኛ «የተዳፈነ የልብ ጡንቻ» ብንለው የሚሻል ይመስለኛል፤ እንቅልፍ የዕረፍት ነገር ነው፣ ማዳፈን ግን የሚነደውን ቆጥቦ ለነገ ማቆየት ነው።

ፍሙ አለመጥፋቱን ለማወቅ በዚያው አሳማ ላይ ልብን የሚያነቃቃውን ዶቡታሚን መስጠት ይቻላል። የደከመው ግድግዳ ይበረታል፤ ዋጋው ግን ወዲያው ይከፈላል፦ ክሬቲን ፎስፌቱ እንደገና ይወርዳል፣ ላክቲክ አሲዱም ይመለሳል። ደሙ ሳይጨመር ሥራው ብቻ ሲጨመር የተቆጠበው ይባክናል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሁኔታ አለ፦ የፈዘዘ ጡንቻ። በ1975 በወጣ ጥናት፣ በነቁ ውሾች ላይ ቧንቧው ለ15 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ደሙ ቢመለስም መኮማተሩ እስኪስተካከል ከ6 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በተዳፈነው ጡንቻ ደሙ ያነሰ ነው፤ በፈዘዘው ጡንቻ ደሙ ተመልሷል፣ ጡንቻው ግን ገና አልነቃም። ቧንቧቸው ለወራት እንዲጠብ በተደረገ አሳማዎች ላይ የታየው ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል። መጀመሪያ የእረፍት ጊዜ ደማቸው ደህና ሆኖ ሳለ መኮማተራቸው ደከመ፤ ደሙ የቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። የደም ማነሱ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነው የሚለውን ሐሳብ ይህ አናግቶታል።

መዳፈኑ ሲረዝም ሕዋሱም ይለወጣል። የሚኮማተሩት ክሮች ይመናመናሉ፣ ባዶውን ቦታ ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት ይሞላዋል። እንዲህ የሆነ ጡንቻ ደም ቢመለስለትም ለማገገም ወራት ሊፈጅበት ይችላል፤ ፈጽሞ የማይመለስም አለ።

ዛሬ ሐኪም በልብ አልትራሳውንድ የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ካየ በኋላ በደም ሥር ጥቂት ዶቡታሚን ሰጥቶ እንደገና ይመለከታል። ጠባሳ የሆነው ክፍል እንደነበረው ይቀራል። የተዳፈነው በትንሹ መጠን መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ መጠኑ ሲጨመርም ልክ እንደ አሳማው ተመልሶ ይደክማል።