«ላቭለስ»፦ የአልበሙን የጊታር ድምፅ የሠሩት መሣሪያዎች

«ላቭለስ» የማይ ብለዲ ቫለንታይን ሁለተኛ ሙሉ አልበም ነው። ክሪኤሽን ሬከርድስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1991 አወጣው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ባንዱ በ1983 ደብሊን ውስጥ ተመሥርቶ ኋላ መቀመጫውን ለንደን አደረገ። ኬቨን ሺልድስ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ አብዛኞቹን ዘፈኖች ይደርሳል፣ ቀረጻውንም ይመራል። ቢሊንዳ ቡቸር በድምፅና በጊታር፣ ዴቢ ጉጅ በቤዝ፣ ኮልም ኦ ኪሶግ በድራም አብረውት ነበሩ። በቀረጻው ላይ ግን ጊታሩንም ቤዙንም ከሞላ ጎደል ብቻውን የተጫወተው ሺልድስ ነው። ሥራው ከ1989 መጀመሪያ እስከ 1991 መገባደጃ በ19 ስቱዲዮዎች ሲንከራተት ቆየ።

አልበሙን ሰምቶ ያንን ድምፅ ለማግኘት የሚነሣ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፔዳል ግዢ ነው። በርካታ ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር)፣ ኮረስና ፍላንጀር (ድምፅ የሚያወዛውዙ)፣ ረጅም ዲሌይ (ድምፅ አዘግይቶ የሚደግም) ይደረድራል፤ የሚያገኘው ግን ጭጋግ ብቻ ነው። ሺልድስ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው በአልበሙ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የተደራረቡ ጊታሮች የሉም፤ ብዙ ቦታ የሚሰማው አንድ ወይም ሁለት ጊታር ነው። ኮረስና ፍላንጀርንም አልወደዳቸውም። የድምፁ መሠረት ሁለት ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ያለው ጊታር ከነክንዱ (ክሮቹን ለማላላትና ለመወጠር በእጅ የሚያዝ ዘንግ)፣ እና ወደ ኋላ የሚሄድ ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት)። የቀረው ሁሉ በእነዚህ ላይ የተጨመረ ነው።

ጊታሩና ክንዱ

ሺልድስ ይህን አጨዋወት ያገኘው በ1988 ከአንድ ወዳጁ በተዋሰው ፌንደር ጃዝማስተር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጃዝማስተርና ጃጓር ከእጁ አልወጡም። ጃዝማስተር በ1958፣ ጃጓር በ1962 ለገበያ የቀረቡ ሞዴሎች ናቸው። በኋላ ዘመን ፈላጊ አጥተው በርካሽ ይሸጡ ስለነበር፣ ገንዘብ ያጠራቸው የአማራጭ ሮክ ጊታሪስቶች መጠለያ ሆኑ። የጃዝማስተር የክር ርዝመት 25.5 ኢንች ነው፤ የጃጓር 24 ኢንች በመሆኑ ክሮቹ ለእጅ ይለሰልሳሉ። የትሬሞሎ (ክንዱ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) አሠራራቸው አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሪጁ በገላው ላይ በቪት አልተጠበቀም፤ ሁለት እግሮቹ በብረት ጽዋ ውስጥ ቆመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። ክሮቹ የሚታሰሩት ከብሪጁ ርቆ በተተከለ ሌላ ብረት ላይ ነው፤ ከብረቱ ሥር አንድ ሞላ አለ። ክንዱ ወደ ገላው ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል። ብሪጁ አብሮ ስለሚወዛወዝ ክሩ በብሪጁ ላይ ብዙም አይፋተግም። ስለዚህም እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፣ መመለሻውም የተስተካከለ ነው፤ ድምፁን እስከ ታች አውርዶ ለመጣል ግን አይመችም።

የሺልድስ ዘዴ ክንዱን ከኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) በኋላ መንካት አይደለም። ፒክ (የክር መምቻ) የያዘው እጅ ክንዱንም አብሮ እንደያዘ ክሮቹን ይመታል፤ ኮርዱ በሙሉ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ይዘቅጣል፣ ይመለሳል። ክንዱ ከቦታው ከፍ ብሎ መቆም ያለበት ለዚህ ነው፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ እጅ አይደርስበትም። ክንዱ እየሰመጠ ለሚያስቸግረው ሰው፣ ጉድጓዱ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ናስትሮ መጠቅለል ይበቃዋል። የድምፁ መውረድ ብዙ ቦታ ግማሽ ድምፅ እንኳ አይሞላም። ጀማሪዎች አብዝተው ይጫኑትና ዘፈኑ ያቅለሸልሻል።

ክሮቹ ውፍረታቸውና ውጥረታቸው ስለሚለያይ በአንድ ጭነት እኩል አይወርዱም። በኮርዱ ውስጥ ያሉት ድምፆች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ለቅጽበት ይዛባል፤ ቅኝቱ ያለ የሌለ የሚመስለው ከዚህ ነው። ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ነገሩ ይጎላል። ዲስቶርሽን የሁለት ድምፆችን ልዩነት እንደ ሦስተኛ ድምፅ ያወጣል። 110 ኸርዝና 165 ኸርዝ አብረው ሲመቱ 55 ኸርዝ ይወለዳል፤ ከመሠረቱ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ጆሮ የሚቀበለው ድምፅ ነው። ክንዱ ተጭኖ የመጀመሪያው ወደ 109፣ ሁለተኛው ወደ 162 ቢወርድ ልዩነቱ 53 ይሆናል። ላይኛዎቹ ድምፆች የወረዱት በ1 እና በ2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከታች የተወለደው ግን በ4 በመቶ ገደማ ወርዷል። ከሥር መሬቱ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ያ ስሜት በጆሮ ብቻ የተፈለገ ነው፤ ምክንያቱ ግን ይህ ስሌት ነው።

ተመሳሳይ ድምፆችና አምስተኛ ርቀቶች (በ110 እና በ165 ኸርዝ መካከል እንዳለው) የሚበዙባቸው ክፍት ቅኝቶች (ክሮቹ ሳይያዙ ኮርድ የሚሰጡባቸው) እዚህ የሚጠቅሙትም ለዚሁ ነው። ሦስተኛ ርቀት ያለው ሙሉ ኮርድ በከባድ ዲስቶርሽን ውስጥ ከታች የማይስማማ ድምፅ ስለሚያወጣ ይደፈርሳል። በአልበሙ ላይ ከተለመደው ቅኝት የወጡ ዘፈኖች ብዙ ናቸው።

ጊታሩን ማዘጋጀት

ጃዝማስተር ከሱቅ እንደወጣ ለዚህ አጨዋወት እምብዛም አይመችም፤ የሚበላሸውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ክሮቹ ብሪጁ ላይ የሚያርፉበት ማዕዘን ዝቅተኛ ስለሆነ ቀጭን ክር ከጎድጓዱ ዘሎ ይወጣል፣ ወይም ይንዘረዘራል። 9 ቁጥር ክር (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው) ለዚህ ጊታር አይሆንም፤ ከ11 መጀመር፣ ቅኝት ለሚያወርድ ደግሞ 12 መጠቀም ይሻላል። ቀጥሎ አንገቱን ፈትቶ፣ በአንገቱ መቀመጫ ውስጥ ወደ ብሪጁ በሚቀርበው ጫፍ በኩል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ እንጨት ወይም ካርድ ማስገባት ነው። አንገቱ ወደ ኋላ ጋደል ስለሚል ብሪጁን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ማዕዘኑም ይጨምራል።

የብሪጁን ከፍታ የሚይዙት ትንንሽ ቪቶች በንዝረት ይላላሉ፤ ብሪጁም ቀስ በቀስ ይሰምጣል። በጥርሱ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ይይዘዋል። ፍሬት ከሚጀምርበት በላይ ባለው የክር መስመር ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ማድረግም አይረሳ፤ ከክንዱ በኋላ ቅኝቱ አልመለስ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክሩ እዚያ ተይዞ ነው እንጂ በሞላው ምክንያት አይደለም። የሞላውን ቪት በካቻቢቴ ሲያስተካክሉ መለኪያው የጃዝማስተሩ ማገጃ (በክሮቹ መታሰሪያ ብረት ላይ ያለው ተንሸራታች ቁልፍ) ነው፤ ጊታሩ ተቃኝቶ እያለ ማገጃው ሳይታገል መንሸራተት አለበት። ያኔ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ ማገጃው ሌሎቹን ቅኝታቸው ላይ ያቆያቸዋል።

ወደ ኋላ የሚሄደው ሪቨርብ

ሁለተኛው ምሰሶ ከያማሃ ኤስፒኤክስ 90 የወጣው የተገለበጠ ሪቨርብ ነው፤ ከእርሱ ጋር አሌሲስ ሚዲቨርብ 2 ይጠቀሳል። ሁለቱም ለስቱዲዮ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) የተሠሩ የ1980ዎቹ ዲጂታል ሳጥኖች ናቸው። ተራ ሪቨርብ ከምቱ በኋላ እየቀጠነ ይጠፋል። የተገለበጠው ግን ከምንም ተነሥቶ ያድግና ጫፍ ላይ ሲደርስ በድንገት ይቆረጣል። በቴፕ የሚሠራው ጥንታዊ ዘዴ ድምፁን በትክክል ወደ ኋላ ያጫውታል፤ እነዚህ ሳጥኖች ግን ወደ ፊት የሚሄደውን ድምፅ ይዘው የማስተጋባቱን ቅርፅ ብቻ ይገለብጣሉ። ለዚህ ነው ዜማው ሳይዛባ ድምፁ የሚተነፍሰው።

ቁልፉ መጠኑ ላይ ነው። ሪቨርቡ 100 በመቶ መሆን አለበት፤ ከጊታሩ የወጣው ደረቅ ድምፅ ጨርሶ መሰማት የለበትም። ደረቁ ድምፅ በትንሹም ቢቀላቀል የፒኩ ምት ይሰማና መጋረጃው ይቀደዳል። ሳጥኑ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ይቀመጣል። ኋላ ላይ በሚክስ (የተቀረጹት ድምፆች ሲቀላቀሉ) የተጨመረ ሪቨርብ ተመሳሳይ ውጤት አይሰጥም፤ እዚህ የሚፈለገው ዲስቶርሽኑ ማስተጋባቱን ራሱን እንዲያጎላው ነው። ሺልድስ የወደደለት ሌላው ባሕርይ ለእጅ መልስ መስጠቱ ነው፤ ክሩ በቀስታና በኃይል ሲመታ ድምፁ ይለያያል። ስለዚህ ከፊቱ ኮምፕረሰር (ደካማና ኃይለኛ ምትን የሚያቀራርብ መሣሪያ) ማስቀመጥ ጥቅሙን ያጠፋል።

የሚያስቸግረው መዘግየቱ ነው። የሪቨርቡ ርዝመት 300 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ በደቂቃ 100 ምት ባለው ዘፈን ላይ ይህ በትክክል የግማሽ ምት ርዝመት ነው። ተጫዋቹ ጆሮውን ተከትሎ ቢጫወት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እጁን ከድራሙ ጋር አጣብቆ ድምፁን እንዲዘገይ መተው አለበት፣ ወይም ርዝመቱን ማሳጠር። ኤስፒኤክስ 90 ከ12 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያሳልፍም፤ የጊታሩ ቶን ማስተካከያ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ የተገለበጠው ድምፅ ከጊታርነት ይልቅ ወደ ክላርኔትና ወደ ሰው ድምፅ ይጠጋል። ሳጥኑ ከጀርባው የመግቢያ ደረጃ መምረጫ አለው፤ ለጊታር -20 ላይ ይሁን። +4 ላይ ከተተወ ምልክቱ ይደክምና ሹክሹክታው ከሙዚቃው እኩል ይነሣል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ይታረም። «ሶፍት ፎከስ» የተባለው ሪቨርብ የያማሃ ኤፍኤክስ 500 ነው፤ የሚያያዘውም ከስሎውዳይቭ ባንድ ጋር እንጂ ከ«ላቭለስ» ጋር አይደለም።

አምፕሊፋየርና ቀረጻ

በመክፈቻው ዘፈን ላይ ያለው የሚጮኸው የጊታር ሐረግ ሺልድስ እንደገለጸው ሁለት አምፕሊፋየሮችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ የእያንዳንዱን ትሬሞሎ በተለያየ ፍጥነት አስነሥቶ፣ በመካከላቸው ማይክ በማስቀመጥ የተሠራ ነው። ይህ ትሬሞሎ የክንዱ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩ የድምፁን ኃይል ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ነው። ቀረጻው ተደጋግሞ ተገልብጦ ወደ ሳምፕለር (ድምፅ ይዞ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ) ከገባ በኋላ ተደራረበ። ይህን የሚሞክር ሰው አንዱን በሰከንድ 4 ጊዜ፣ ሌላውን 5 ጊዜ ቢያደርገው በየሰከንዱ አንዴ ይገናኛሉ። ማይኩ ስምንት ቁጥር ቅርፅ ያለው ከሆነ የኋላውን ድምፅ ገልብጦ ስለሚቀበል ሁለቱ አምፖች ይጠፋፋሉ፣ ወፍራሙ ድምፅም ይሳሳል። ዙሪያውን እኩል የሚሰማ ማይክ መጠቀም፣ ወይም የአንዱን ስፒከር ሽቦዎች ማቀያየር ችግሩን ይፈታል።

የዲስቶርሽኑ መጠን ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። አምፑ ራሱ በጣም ይጮኻል፣ ጌኑ (የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነው ማስተካከያ) ግን ኮርዱ ተለይቶ እስኪሰማ ድረስ ይቀነሳል። በዲስቶርሽን ፔዳል ጌኑን ሞልቶ አምፑን ዝቅ ማድረግ የክንዱን እንቅስቃሴ ይደፍነዋል፤ እንቅስቃሴው የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ጃዝማስተሩ ለምን ተገዛ?

ጊታሮቹ በሚክሱ ውስጥ በአመዛኙ መሐል ላይ ናቸው። ግራና ቀኝ ዘርግቶ ማስፋት የዘመኑ ልማድ በነበረበት ወቅት ሺልድስ ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ወደሆነ ድምፅ) ያዘነበለ ሚክስ መረጠ፤ ትልቅነቱ ከስፋት ሳይሆን ከጥልቀት እንዲመጣ። ይህ ውሳኔ በእኔ ግምት ከማንኛውም ሳጥን የበለጠ አልበሙን አልበም ያደረገው ነው። ድምፅ የሚቀዳ ሰው ጊታሩን በሁለት በኩል ከመዘርጋቱ በፊት መሐል ላይ አንድ ጊዜ ይስማው።

ዋሽንት የሚመስሉት ዜማዎች ብዙዎቹ ኪቦርድ አይደሉም። የጊታር ፊድባክ (ጊታሩ የራሱን አምፕሊፋየር ድምፅ መልሶ ሲቀበል የሚወጣ ጩኸት) በሳምፕለር ተይዞ በኪቦርድ ቁልፎች የተጫወተ ነው፤ የቡቸር ድምፅም እንዲሁ ተወስዷል። ኦ ኪሶግ በቀረጻው ጊዜ ታሞ ስለነበር አብዛኛው ድራም የተገጣጠመው ከራሱ አመታት ከተወሰዱ ናሙናዎች ነው።

በ2007 ባንዱ ዳግም መሰብሰቡ ከተነገረ በኋላ ሺልድስ መድረክ ላይ በርካታ ፔዳሎችን ዘርግቶ ታይቷል፤ የዚያ ፎቶ ለ«ላቭለስ» መመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። ያ ዝርጋታ በስቱዲዮ ውስጥ ተራ በተራ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ምሽት ለማውጣት የተዘጋጀ ነው። መሣሪያ ለመግዛት የተነሣ ሰው በ2012 ሺልድስ ራሱ ያዘጋጀውን ዳግም ኅትመት ቢያዳምጥ ይሻለዋል። ሁለት ሲዲ አለው፤ አንደኛው ከዲጂታሉ ማስተር፣ ሁለተኛው ከግማሽ ኢንች አናሎግ ቴፕ። ሁለቱን በእኩል ድምፅ እያፈራረቁ መስማት ከየትኛው ጊታር በታች የትኛው እንዳለ ለመለየት ይረዳል።