የፌንጣ ቫይረስ ዶሮ አይገድልም

የምኖረው ሰንዳፋ ዳር፣ ጤፍ ማሳ ጥግ ነው። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ። ክረምቱ አልፎ ፌንጣ ሲፈላ ያቺው ጥያቄ በሬን ታንኳኳለች። ዘንድሮ ይዘዋት የመጡት ጎረቤቴ የሆኑ እማማ ናቸው። ዶሮዎቻቸውን ሦስት ቀን ዘግተውባቸዋል።

«ፌንጣው ቫይረስ ይዞታል አሉ። ዶሮዎቹ ለቅመው ቢበሉት፣ እኛም እንቁላሉን ብንበላ፣ እንደ ኮሮና አይሆንብንም ዶክተርዬ?»

አይሆንም! ከኮሮና ወዲህ ሰው ቫይረስን ሁሉ አንድ ጋኔን አድርጎታል።

ፌንጣና አንበጣን ከሚያጠቁት ውስጥ በደንብ የተጠኑት ኢንቶሞፖክስ የሚባሉት ናቸው። የፈንጣጣ ቫይረስ ዘመዶች ናቸው። (ይህን ዝምድና አምና ለሰፈሩ ያወራሁት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።) ዝምድናው እውነት ነው። እንደ ፈንጣጣ ሁሉ እነሱም አር ኤን ኤ የሚሠራላቸውን ኢንዛይም ከቤታቸው ይዘው ሴል ውስጥ ስለሚገቡ ኒውክሊየሱን (የሴሉን እምብርት) ሳይጠብቁ ሳይቶፕላዝም ውስጥ (ከእምብርቱ ውጭ ባለው የሴሉ ክፍል) ይባዛሉ። ግን የሚባዙት በነፍሳት ሴል ነው። ፌንጣ ላይ ዋናው ማደሪያቸው ስቡ ነው። የአንድ የእሳት ራት ኢንቶሞፖክስ በአጥቢ እንስሳት ሴል ላይ ተሞክሮ ነበር። መግባቱን ገባ፣ ሥራም ጀመረ፣ ግን ዘር ሳይተካ ቀረ። ፈንጣጣ ራሱ ከሰው ሌላ ማደሪያ አልነበረውም፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ለመባል የበቃውም አንድም በዚህ ነው። ዘመድ ሁሉ አንድ ቤት አያድርም።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ እማማ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከኋላቸው አጥሩ ላይ የመርጫው ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ጎመኑን ከትናንት ወዲያ ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ረጭተውታል። ማታ ደግሞ ለልጆቹ ከዚያው ጎመን ቀንጥሰው ሠርተዋል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ማላታይን ፌንጣን የሚገድለው አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ የሚባል የነርቭ ኢንዛይም ዘግቶ ነው። ያ ኢንዛይም ፌንጣ አለው፣ ዶሮ አለው፣ እማማም አላቸው። የሚሻገረው ይሄ ነው! ዶሮ የሚዘጋው ማሳው ሲረጭ ነው። ጎመኑ መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አይቀነጠስም። በባዶ እጅ አይበጠበጥም። ባዶ ዕቃውን ደግሞ፣ በፈጠራችሁ፣ አጥባችሁ ውኃ አትቅዱበት።

«ታዲያ ለምን ቫይረሱን አይረጩልንም፣ በማግስቱ እንዲረግፍ?» አይረግፍማ። ቫይረሱ ስፌሮይዲን በሚባል ፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ፕሮቲኑ በሰልፈር ድልድዮች የተቆላለፈ ስለሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሟሟት አልካሊ ብቻ አይበቃም፤ ቲዮግላይኮሌት ይጨመርበታል። ፀጉር ቤት ፐርም ሲሠራ የሚሸተው ያ ነገር ማለት ነው፤ እዚያም ሥራው የፀጉርን የሰልፈር ድልድይ መበጠስ ነው። ፌንጣው ቫይረሱን መብላት አለበት፣ ሽፋኑ ሆዱ ውስጥ መሟሟት አለበት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይታመማል። ሳምንታት ይፈጃል። ጤፉ እስከዚያ አይጠብቅም።

«ፌንጣ ቫይረስ ሲይዘው ነው አንበጣ የሚሆነው።» የለም። የበረሃ አንበጣ ጠባዩን የሚለውጠው ሲጨናነቅ ነው። የኋላ እግሩ ደጋግሞ ሲነካካ ሴሮቶኒን የሚባለው የነርቭ ኬሚካሉ ይጨምራል፣ ከዚያ መንጋ ይፈልጋል። የኛ ማሳ ፌንጣ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ የበረሃ አንበጣ አይሆንም።

«ለአንበጣ የሚረጨው ባዮሎጂካል መድኃኒት ቫይረስ ነው።» ሜታራይዚየም ነው፤ ፈንገስ።

እማማ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ዶሮዎቹን ለቀዋል። በእጃቸው አንድ የሣር አገዳ ይዘዋል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ፌንጣ አገዳውን በእግሮቹ አቅፎ፣ ራሱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ሞቷል።

«ይሄስ ዶክተርዬ? ይሄ እንኳ ቫይረስ ነው።»

ይሄም ፈንገስ ነው። ኢንቶሞፋጋ ይባላል። ሊሞት ሲል ጫፍ ላይ ያወጣውና እዚያው እንዳቀፈ ያስቀረዋል፤ ዘሩ ከላይ ሆኖ እንዲበተንለት።