የደሴን ብርድ ሽሽት ቤት ስንደፍን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ቁር ሲመጣ ሰው ስንጥቁን በጨርቅ ይወትፋል፣ መስኮቱን ላስቲክ ያለብሳል፣ ከሰሉን ወደ ቤት ያስገባል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም። ሦስቱ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ግን ቤቱ ሰው ይገድላል። ቤት መድፈንና ቤት ማናፈስ አንድ ሥራ ናቸው የምንለው ለዚህ ነው። በሌላው ዓለም የቤት እድሳት የቴክኒክ ደረጃዎች ሲሻሻሉ የኖሩትም በዚሁ አቅጣጫ ነው።

«ከሰሉ ፍም ከሆነ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም»

ሕይወት የሚጠፋበት ስህተት ይሄ ስለሆነ በሰፊው እንየው። ጭሱ የሚታየው ከሰሉ ሲቀጣጠል ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ከጠፋ በኋላም፣ አመድ ለብሶ ሲያንቀላፋም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ኦክሲጅን ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ይጣበቃል። በዚህ ላይ ደሴ ከፍታ ላይ በመሆኗ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ጋዙ የሚቀማን ከጎደለው ላይ ነው ማለት ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ሰው «ጉንፋን ሊይዘኝ ነው» ብሎ ጋደም ይላል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ራሳቸውን ባንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን አይደለም። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ከማንደጃው አጠገብ ውኃ በሳህን ማስቀመጥ ወይም ፍሙ ላይ ጨው መበተን ምንም አይጠቅምም። ጋዙ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ጨውም አያስቀረውም። የሚሠራው ይሄ ነው፦ ከሰሉን ውጭ ማቀጣጠል፣ ቡናው እስኪወርድ በርና መስኮት ክፍት ማድረግ፣ ሲያበቃ ፍሙን ከነማንደጃው ማውጣት። ፍም ባለበት ክፍል አይተኛም። አቅም ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይግዛ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይህን ጋዝ አያውቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የጋዙ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል።

«በስንጥቅ የሚገባው አየር ለቤቱ ይበቃዋል»

የስንጥቅ አየር በነፋስ ቀን ከልክ በላይ ነው፣ ጸጥ ባለ ሌሊት ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። የምንፈልገው ደግሞ በጸጥታው ሌሊት፣ አምስት ሰው ተኝቶ እያለ ነው።

የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ አሽሬ፣ ለመኖሪያ ቤት ያወጣው 62.2 የተባለ ደረጃ ይህን በቁጥር ያስቀምጣል። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የወለሉ ስፋት በካሬ ሜትር በ0.15 ይባዛል፤ የመኝታ ክፍሎች ቁጥር ላይ 1 ተደምሮ በ3.5 ይባዛል፤ የሁለቱ ድምር ቤቱ በሴኮንድ የሚያስፈልገው አየር በሊትር ነው። ለ48 ካሬ ሜትርና ለሁለት መኝታ ቤት 7.2 ሲደመር 10.5፣ 17.7 ሊትር ይመጣል። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 እትም ድረስ የመጀመሪያው ማባዣ 0.05 ስለነበር ያው ቤት 12.9 ሊትር ብቻ ነበር የሚጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 እትም ቁጥሩ ከፍ ያለው የስንጥቅ አየር በነጻ መታሰቡ ስለቀረ ነው፤ ስንጥቁ የሚቆጠርለት ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ስሌት ጭስ ማውጫ የሌለውን የከሰል እሳት ጨርሶ አያካትትም። በማራገቢያ ብዛት ከሰልን ደህና ማድረግ አይቻልም።

ማራገቢያ ለሌለው ቤት ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ከወለል አጠገብ አንዱ ከኮርኒስ ሥር፣ እያንዳንዳቸው 15 በ15 ሳንቲሜትር ይከፈታሉ። በመካከላቸው 2 ሜትር ከፍታ ካለና ቤቱ ከውጭ በ8 ዲግሪ ከሞቀ፣ በሴኮንድ 10 ሊትር ገደማ አየር ያልፋል። የትንኝ ወንፊት ከተደረገበት ግን ፍሰቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ቀዳዳውን ያን ያህል ማስፋት፣ ወንፊቱንም በየወሩ ከአቧራ ማራገፍ ነው።

ማራገቢያ የገጠመ ሰው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመን። ረጅምና የተጣመመ ቱቦ ኃይሉን ይበላዋል። 60 ሊትር የሚይዝ የቆሻሻ ፌስታል በማውጫው አፍ ላይ አጥብቆ ይዞ ሰዓት መቁጠር ነው፤ ለመሙላት ከ3 ሴኮንድ ተኩል በላይ ከፈጀ 17.7 ሊትሩ አልተገኘም።

«ብርዱ የሚገባው በመስኮት ነው»

በመስኮትም ይገባል፣ ግን የሚስበው ሌላ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣና ግድግዳው ከቆርቆሮው በሚገናኝበት ክፍተት፣ በኮርኒሱ ጠርዝና በአምፖል ገመድ ቀዳዳ ያመልጣል። ባመለጠው ልክ ቀዝቃዛው በበሩ ሥር ይገባል። ላዩ ሳይደፈን መስኮት ላይ መልፋት ድካም ነው።

መፈተኛው ዕጣን ነው። ነፋስ ባለበት ምሽት የሚጨስ ዕጣን ይዞ በኮርኒሱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብሎ መሄድ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ድንገት ተኮማትሮ ወደ አንድ ጥግ ከተሳበ ክፍተቱ እዚያ ነው። ጠባቡ በሲሊኮን፣ ሰፊው በጣውላና በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ ወደ በሩ ሥር ወርዶ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ በቀጭን ጣውላ ደግፎ በሚስማር መምታት። መስኮቱ መጨረሻ ነው፦ የደረቀውን ስቱኮ ፍቆ አዲስ መሙላት። ለአየር ማስገቢያ የተተወውን ቀዳዳ ግን ማንም እንዳይወትፈው።

«ቆርቆሮው አፈሰሰ»

ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጥርት ባለ የታኅሣሥ ሌሊት ማግሥት ከጣሪያ የሚንጠባጠበው አብዛኛውን ጊዜ ጤዛ ነው። ቆርቆሮው ሌሊት ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ከእንፋሎትና ከሰው ትንፋሽ የወጣው እርጥበት በኮርኒሱ ስንጥቅ አልፎ ብረቱ ላይ ውኃ ይሆናል። ንጋት ላይ ከኮርኒሱ በላይ በባትሪ ቢታይ ጠብታው በእያንዳንዱ ሚስማር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የእውነት ፍሳሽ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፣ መስመርም ይሠራል። ጤዛን በሚስማር ላይ ሬንጅ በመቀባት ማዳን አይቻልም። ኮርኒሱን መድፈን፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች መክፈት ነው።

ኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲሜትር ፎም ማንጠፍ ሙቀት በመያዝ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውፍረት ካለው ኮንክሪት ይበልጣል። ግን ፎም ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በጂፕሰም ሳይሸፈን ወደ ክፍሉ ገልጦ መተው፣ የኤሌክትሪክ መገናኛን ከሥሩ መቅበር ክልክል ሊሆን ይገባል።

«የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ይጠነክራል»

ጭቃ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ይበሰብሳል። በጣት ኩርኩም ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከጭቃው ተላቋል። ቋሚውን ከመሬት አጠገብ በቢላ መውጋት፦ ያለ ጉልበት አንድ ሳንቲሜትር ከገባ፣ ከልስን በፊት እንጨቱ ይለወጥ።

ትክክለኛው ልስን ከጤፍ ጭድ ጋር ቀናት የቦካ ጭቃ፣ ላዩ ላይ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ነው። ኖራው ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይ ይጠበቅ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አሸንዳ ይገጠም፣ ግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ።

«ብሎኬት ከጭቃ ይሞቃል»

ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ጥንካሬው ይበልጣል እንጂ ብርድ በመከላከል በዚያው ውፍረት ካለው የጭድ ጭቃ አይሻልም።

«ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም»

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት፣ ወደ 1,850 ሜትር የወረደች ከተማ ናት። እዚያ የሚያስቸግረው ቀን ፀሐይ የበላው ቆርቆሮ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ሙቀት ነው። በደሴ ሙቀት የሚያስቀረው የኮርኒስ ንጣፍ በኮምቦልቻ ሙቀቱን ላይ ያግደዋል፤ የጣሪያ ጫፉ ክፍት መሆን አለበት፣ የክፍሉም መስኮቶች ፊት ለፊት ሆነው ነፋስ የሚያሳልፉ ይሁኑ።