ቶነል ውስጥ እሳት ሲነሳ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር

የመኪና ዋሻ ሲሠራ እሳት ቢነሳ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ አስቀድሞ ይገመታል። ጣሪያው ምን ያህል እንደሚችል፣ ፋኑ ወዴት እንደሚነፍስ፣ የሰው መጠለያው ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ የሚወሰነው በዚያ ግምት ነው። ግምቱ ከሳተ ሰው ያልቃል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«ቤንዚን ካልጫነ ያን ያህል አይሞቅም»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ማርች 24 ቀን 1999 ፈረንሳይንና ጣሊያንን በሚያገናኘው የሞን ብላን ዋሻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተቃጠለ። የጫነው ማርጋሪንና ዱቄት ነበር፣ በቃ። እሳቱ 53 ሰዓት ነደደ፣ 39 ሰው ሞተ፣ ሙቀቱ 1000 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ማርጋሪን እኮ ቅባት ነው፤ ሲቀልጥ አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ እንደ ናፍጣ ይነድዳል።

አሁንም ካላመናችሁ፣ ኖርዌይ ውስጥ ሩነሃማር የሚባል አገልግሎት ያቆመ ዋሻ አለ። በ2003 ተመራማሪዎች እዚያ ገብተው የአንድ ተሳቢ ጭነት የሚያህል ክምር አራት ጊዜ እያቃጠሉ ለኩ። ክምሩ የእንጨት ፓሌት፣ ፕላስቲክ፣ ፍራሽ፣ የቤት ዕቃና በካርቶን የታሸገ የፕላስቲክ ኩባያ ነበር። ጣሪያው ሥር የተለካው ሙቀት በአራቱም ከ1280 ዲግሪ አለፈ። በማጓጓዣ ደንብ ግን ይህ ሁሉ «አደገኛ ያልሆነ ጭነት» ነው!

«እሳቱ እጥፍ ከሆነ ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል»

አይሆንም። እዚያው ሩነሃማር የኩባያው እሳት ጉልበቱ፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚለቀው ኃይል፣ 67 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፣ ሙቀቱ 1305 ዲግሪ። የፓሌትና የፍራሹ 157 ሜጋ ዋት ደርሶ ሙቀቱ 1282 ላይ ቆመ። ትልቁ 202 ሜጋ ዋት ሆኖ እንኳ 1365 ነው። ጉልበቱ ሦስት እጥፍ፣ ልዩነቱ 60 ዲግሪ!

እሳቱ ትንሽ ሲሆን፣ የአንድ የቤት መኪና ያህል፣ ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል፤ የጣሪያው ከፍታና የነፋሱ ፍጥነትም ይወስኑታል። ነበልባሉ አንዴ ጣሪያውን ከሞላው በኋላ ግን ከዚያ በላይ የሚሞቅበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ አየር ፍለጋ ጣሪያውን ተከትሎ ይረዝማል። የሚጨምረው ርዝመቱ ነው። ለትንሽ እሳት የተሠራን ቀመር ወስዶ ለተሳቢ የሚያሰላ ሰው የማይመስል ቁጥር የሚያገኘው ለዚህ ነው፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ነበልባሉ ወደ ቀጣዩ መኪና መድረሱን ጭራሽ አለማየቱ ነው።

«የሕንፃ እሳት ስሌት ለዋሻም ይሠራል»

ለሕንፃ የሚያገለግለው አይ ኤስ ኦ 834 የሚባለው መስመር (እሳቱ በየደቂቃው ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ የሚያሳይ) በ5 ደቂቃ 576 ዲግሪ ይላል። የኔዘርላንድ የመንገድና የውኃ መሥሪያ ቤት ለዋሻ ያወጣው መስመር በዚያው 5 ደቂቃ 1140 ላይ ነው፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 1350። ዋሻ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ሙቀቱን መልሶ እሳቱ ላይ ይተፋዋል።

«ፋን ሲበራ ይቀዘቅዛል»

ግማሽ እውነት ነው። የእሳቱ ጉልበት ሳይለወጥ ነፋሱ ብቻ ቢጨምር ቀዝቃዛ አየር ስለሚቀላቀል ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀት ይወርዳል። ችግሩ ጉልበቱ እንዳለ አይቆይም፤ ያው ነፋስ የተሳቢውን ጭነት ሊያራግበው ይችላል። በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ የሚነፍስ አየር ጢሱን ወደ አንድ ወገን ይገፋል፣ ጥያቄው በዚያ ወገን ማን አለ የሚለው ነው። ሞን ብላን ላይ አየሩ ከጣሊያን በኩል እየገባ ጢሱን ከኋላ ተሰልፈው ወደቆሙት መኪኖች፣ ወደ ፈረንሳይ በኩል ገፋው።

«ኮንክሪት አይቃጠልም፣ ስለዚህ አይጎዳም»

አይቃጠልም፣ ግን ይፈነዳል። ውስጡ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ኮንክሪቱን እየፈነቀለ ያወርደዋል፣ ጥቅጥቅ ያለ ጠንካራ ኮንክሪት ላይ ደግሞ ይብሳል። በ1996 እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር ዋሻ እሳት ሲነሳ ሰው አልሞተም፤ 45 ሴንቲሜትር ውፍረት የነበረው ግድግዳ ግን በጣም በተጎዳው ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነበር የቀረው። አሁን ኮንክሪቱ ውስጥ ቀጫጭን የፖሊፕሮፒሊን ክሮች ይቀላቀላሉ፤ 160 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጡ ለእንፋሎቱ መውጫ ይከፍቱለታል።

«ኮምፒውተሩ ካሰላው አለቀ»

አሜሪካኖቹ ያወጡት ኤፍ ዲ ኤስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፣ የጢሱንና የሙቀቱን ጉዞ ቆንጆ አድርጎ ያሳያል። በዋሻ ሥራ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ እሳቱ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚሆንና በስንት ደቂቃ እዚያ እንደሚደርስ የሚነግረው ሰው ነው። ባለቀለሙ ሥዕል ሁሉ የሚቆመው በዚያ አንድ ግምት ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሪፖርት እጃችሁ ከገባ ሥዕሉን እለፉትና መጀመሪያ ሜጋ ዋቱን ፈልጉ። 30 ከሆነ ያሰቡት አውቶቡስ ነው፣ ተሳቢ አይደለም።