የ«እችላለሁ» እምነት ምንድን ነው? ከማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ጋርስ ምን አገናኘው?

መቶ ሰው ፊት ቆማ ሳትንተባተብ የምትናገር ሴት፣ የማህፀን በር ምርመራ ክፍል ደጃፍ ደርሳ ልትመለስ ትችላለች። ፈሪ ሆና አይደለም፤ ይህን አንድ ነገር እወጣዋለሁ ብላ ስላላመነች ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ያብራራው ሐሳብ ይኸው ነው፦ አንድን የተወሰነ ድርጊት መፈጸም እችላለሁ የሚል እምነት። በደፈናው በራስ መተማመን ከምንለው ይለያል።

የጤና ትምህርት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይስታል። የካንሰሩን ገዳይነትና ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ፣ የኤች ፒ ቪን፣ ስም ይናገርና ያበቃል። ሴትዮዋ ፈርታ ትወጣለች፤ የፈራ ሰው ደግሞ «ባላውቀው ይሻለኛል» ይላል።

እምነቱን የሚገነባው የሚጨበጥ ነገር ነው። ስፔኩለሙን፣ ማለትም የማህፀን በሩ እንዲታይ ብልትን ከፈት አድርጎ የሚይዘውን መሣሪያ፣ እጇ ላይ አስቀምጡላት። የዳክዬ አፍ ይመስላል፤ ራሷ ከፍታ ትዝጋው። ከዚያ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ንገሯት፦ በጀርባሽ ትተኛለሽ፣ ጉልበትሽን ታጥፊያለሽ፣ ጨርቅ ትለብሻለሽ። በአሴቲክ አሲድ ምርመራ ከሆነ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ ፈሳሽ (የኮምጣጤ ዘር ነው) የማህፀን በሩ ላይ ይቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል። «ቁሙ» ካልሽ ይቆማል። ይህቺን የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ከሁሉም በላይ ትከሻ የምታወርድ እሷ ናት።

የተመረመረች ጎረቤት «ማፈሬን ሳልጨርስ አለቀ» ብላ ብትነግራት ከፖስተር ይበልጣል። ለኤች ፒ ቪ ምርመራ ደግሞ ናሙናውን ሴቷ ራሷ በለስላሳ ብሩሽ መውሰድ ትችላለች፤ በገዛ እጅ ሠርቶ ማየትን የሚያህል አስተማሪ የለም።

ውጤቱም ያስፈራል። ቫይረሱ ተገኘ ማለት ግን ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ካልጠፋም ወደ ካንሰር ለመድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ የበሽታ መከላከል አቅሟ ለተዳከመ ሴት ይፈጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራውን ከ30 ዓመት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ የሚመክረው ቀድሞ ለመድረስ ነው።

እምነቱ መኖሩ የሚታወቀው በጥያቄ ነው። ብታፍሪም ትሄጃለሽ? ወረፋው ቢረዝምስ? ባለቤትሽ «ምን አመመሽ?» ቢልሽስ? ከሦስቱ በአንዱ «እንጃ» ካለች፣ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያው ይጀምራል።