የቻይና የግብር ሥርዓት ምንድን ነው? እንዴትስ አከተመ?

«ግብር» በአማርኛ ለንጉሥ የሚገባውም ነው፣ ንጉሥ የሚያበላውም ነው። የቻይና ነገሥታት ከጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነትም እንዲሁ ሁለት ፊት ነበረው። የኮሪያ፣ የቬትናም፣ የርዩክዩ (የዛሬዋ ኦኪናዋ)፣ የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ወይም የበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) መልእክተኛ ቤይጂንግ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት ያስነካል። ንጉሠ ነገሥቱ በበኩሉ ለገባሩ ንጉሥ የሹመት ደብዳቤ፣ ማኅተምና የዘመን መቁጠሪያ ይልካል፤ ስጦታውም ብዙ ጊዜ ከመጣለት ይበልጥ ነበር።

ለገባሮቹ ትልቁ ጥቅም ንግዱ ነው። ርዩክዩ በሁለት ዓመት አንዴ በፉጆ ወደብ በኩል ትገባለች፤ የበርማ ተራ በዐሥር ዓመት አንዴ ነው፤ ኮሪያ በየዓመቱ ትልካለች። ከልዑኩ ጋር ሸቀጥ ይጓዛል፤ የኮሪያ መልእክተኛ በአንድ ወቅት እስከ 80 ገን (48 ኪሎ ገደማ) ጂንሰንግ የተባለ የመድኃኒት ሥር ይዞ እንዲሸጥ ይፈቀድለት ነበር።

ብዙ ሰው ውድቀቱን በ1842 (እ.ኤ.አ.) ከተፈረመው የናንጂንግ ውል ይጀምራል። ውሉ አምስት ወደቦችን ለእንግሊዞች ከፈተ፤ ሳይገብሩ መነገድ ተቻለ። ሲያምም ከ1850ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ልዑክ አላከችም። ኮሪያና ርዩክዩ ግን እንደ ወትሮው መገበራቸውን ቀጠሉ።

እውነተኛው ስንጥቅ የመጣው በ1861 ነው። ቤይጂንግ ከአውሮፓውያን ጋር የሚነጋገር «ዞንግሊ ያመን» የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ የኮሪያ ጉዳይ ግን ገባሮችን በሚያስተናግደው በሥርዓት ሚኒስቴር እጅ ቀረ። ባዕዳን «ኮሪያ የእናንተ ናት?» ብለው ሲጠይቁ ዞንግሊ ያመን «ገባራችን ናት፣ በውስጥና በውጭ ጉዳይዋ ግን ራሷን ታስተዳድራለች» ይላል። መልሱ በድሮው ልማድ ልክ ነበር። በአውሮፓ ሕግ ሲነበብ ግን «ተጠያቂ አይደለንም» እንደ ማለት ሆነ። ጃፓን በዚያው ቀዳዳ ገባች፤ በ1876 ከኮሪያ ጋር የተፈራረመችው የካንግህዋ ውል ኮሪያን ነጻ አገር ብሎ ጠራት።

ከዚያ ወዲያ ገባሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ጃፓን ርዩክዩን በ1879 ጠቀለለች። በ1884 በሁዌ ከተማ ፈረንሳዮች የቬትናም ንጉሥ ከቻይና የተቀበለውን የብር ማኅተም በእሳት አስቀለጡት፤ ሹመቱን የሚያረጋግጠው ዕቃ ራሱ ጠፋ ማለት ነው። በ1895 የሺሞኖሴኪ ውል የመጀመሪያ አንቀጽ ኮሪያ ለቻይና መገበሯን አስቀረ። ሴኡል ውስጥ የቻይና መልእክተኞች የሚታጀቡበት በር በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ሁለት የድንጋይ ምሰሶዎቹ ግን በ1897 ከተሠራው የነጻነት በር ፊት ለፊት ዛሬም ቆመዋል።