ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ጉድ፦ የቢሮ ጠረጴዛ መጫወቻዎች በድሬ ሙቀት

ቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን፣ ለሥራው ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳይኖራቸው የገባ የወጣው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለ የሚነካካቸው ዕቃዎች አሉ። ሱሺ የሚመስል ፍላሽ፣ ሲኒ ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ሚሳይል የሚተኩስ መጫወቻ፣ መዳፍ የምታክል ቬንትሌተር። አብዛኞቹ ኃይል የሚያገኙት ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ነው። ጥቂቶቹ ጭራሽ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። የሚሠሩት ለሳቅ ወይም ለስጦታ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቀልዱን ከቁም ነገሩ የሚለየው ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ አገር ለጨዋታ የተሠራው እዚህ የግድ ይሆናል፤ እዚያ በቁም ነገር የሚሸጠው ደግሞ እዚህ ያስቃል።

መጀመሪያ ስለ ዩኤስቢው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ሐሳቡ ኪቦርድ፣ ማውዝና ፕሪንተር በየራሳቸው ቀዳዳ መግባታቸው ቀርቶ አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው ነበር። የድሮ ዴስክቶፕን ጀርባ ያየ ሰው ችግሩ ይገባዋል። በዚያው ኬብል ውስጥ ታዲያ ከመረጃው ጋር 5 ቮልት ኤሌክትሪክም ያልፋል። በዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር፣ 4.5 ዋት። ትንሽ ናት። ግን ባትሪ አታስገዛም፤ የግድግዳ ሶኬት ከአገር አገር ሲለያይ ዩኤስቢ የትም አንድ ስለሆነ ቻይና ውስጥ የተሠራው ዕቃ ቶኪዮም፣ ፓሪስም፣ ድሬም ሳይነካካ ይሠራል። የመጫወቻ ሠሪዎቹ ዓይን ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ቶኪዮ አኪሃባራ ሰፈር ያለው ታንኮ የተባለው ኩባንያ ስሙን ያተረፈው እንዲህ ያሉ ግራ የሚያጋቡ የዩኤስቢ ዕቃዎችን በማውጣት ነው።

ድሬ ለዕቃ አዲስ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር እዚህ መራገፉ የኖረ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ሰው የሚሄደው ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ነው።

እዚያ ከሚገኙት ሁሉ ቬንትሌተሯ ትቅደም። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ይህች ዕቃ በበጋ ለጥቂት ቀን ወጥታ መሳቢያ የምትገባ ናት። ድሬ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራሮቹ ሥር የተኛች ከተማ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ከቀትር በኋላ 35 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ቢሮ ውስጥ አይገባም። ጣሪያው ላይ የሚዞረው ትልቁ ቬንትሌተር ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ይላል። ትንሿ ከላፕቶፑ ባትሪ ወይም ከፓወር ባንክ ስለምትሠራ ምን ገዷት። ሒሳቡም ያስኬዳል፦ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ እውነተኛ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 2.5 ዋት የምትበላ ቬንትሌተርን ከ10 ሰዓት በላይ ያዞራል። «እውነተኛ» ያልኩት በምክንያት ነው። የተጻፈበትን ግማሽ የማይዝ ሞልቷል።

ቬንትሌተር አየሩን አታቀዘቅዝም፤ ላብ ቶሎ እንዲተን ነው የምታደርገው፣ ላቡ ሲተን ደግሞ ከቆዳ ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የድሬ ሙቀት ደረቅ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ እርጥበት በበዛበት አገር ላቡ ዝም ብሎ ይወርዳል እንጂ አይተንም። ክፍሉ ከቆዳችን በላይ ከሞቀ ግን የምትነፋው ትኩስ አየር ነው፣ ያኔ ውሃ በየመሃሉ ካልጠጣችሁ እሷ ብቻዋን አታድናችሁም።

ስትገዙ ሻጩ ከራሱ ፓወር ባንክ ጋር አያይዞ ፊታችሁ ላይ ይለቃታል። «አቦ፣ አውሮፕላን ናት እኮ!» ይላችኋል። ንፋሷን ተዉትና ድምጿን ስሙ። እየተንቀጠቀጠ የሚያንጓጓ ድምፅ ካላት ቅጠሉ ሚዛኑን አልጠበቀም፣ ከወር በኋላ ይብሳል። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጧትና እስከ መጨረሻው ክፈቷት። እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ የምትሄድ ከሆነ ከታች ክብደት የላትም፣ ነገ ሻያችሁን ትደፋለች። መቆንጠጫ ያላት ትሻላለች፤ መቆንጠጫውን ግን ደጋግማችሁ ከፈት ዘጋ አድርጉት፣ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነውና።

ሲኒ ማሞቂያዋ የዚህ ተቃራኒ ናት። ክብ፣ ሳህን መሳይ ነገር ሆና ሲኒው ላይዋ ይቀመጣል። አሁን 2.5 ዋቷን እናስላት። 200 ሚሊ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 840 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ በ2.5 ዋት 5 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የቀዘቀዘ ቡናን 60 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል፣ ያውም ከሲኒው ምንም ሙቀት ካላመለጠ። ያመልጣል እንጂ! ስለዚህ ትኩሱን ትንሽ ታቆይ እንደሆን እንጂ የቀዘቀዘውን አትመልሰውም። ግድግዳ ላይ የሚሰኩት ይሻላሉ። ለነገሩ ድሬ ላይ፣ በግንቦት፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ ብሎ ሲያማርር የሰማሁት ሰው የለም።

የዩኤስቢ ፍሪጅ ይበልጥ ታሳዝናለች፣ ምክንያቱም በቅጡ ብትሠራ ድሬ ላይ ወረፋ ይያዝላት ነበር። አንዲት ቆርቆሮ ለስላሳ የምትይዝ ሳጥን ናት። ኮምፕሬሰር የላትም። ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ እ.ኤ.አ. በ1834 ባስተዋለው ነገር ነው የምትሠራው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንዱ ወገን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ነገሩ ማታለያ አይደለም፣ መኪና ውስጥ የሚቀመጡ ማቀዝቀዣ ሳጥኖችም በዚሁ ይሠራሉ። እነሱ ግን በ2.5 ዋት አይደለም። ከሱቅ ቀዝቅዞ የመጣውን ለስላሳ ጥቂት ታቆያለች፤ ሞቅ ያለውን እስክታቀዘቅዝ ግን የሥራ ሰዓት ያልቃል፣ ከጀርባዋ የምትተፋው ሙቀትም የሚመጣው እናንተው ላይ ነው።

ሙቀት ያሸነፈው ሌላው ዕቃ ላቫ ላምፕ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ቀለም ሰም ሽቅብ ቁልቁል የሚዋኝበት መብራት። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ክሬቨን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ያወጣው ነው። ከሥር ያለው አምፖል ሲያሞቀው ሰሙ ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ሲበርድ ይወርዳል። ክፍሉ ራሱ የጋለ ከሆነ መብረድ ስለሌለ ሰሙ አናቱ ላይ ተከምሮ ይቀራል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ግን 100 ያህል ላቫ ላምፕ ግድግዳ ላይ ደርድሮ በካሜራ ይከታተላቸዋል፤ የሰሙ አካሄድ ሊገመት ስለማይችል ከምስሉ ለምስጢር ቁልፎች የሚሆን ቁጥር ይወጣል። ከዚህ ሁሉ መጫወቻ ውስጥ ደህና ሥራ የያዘው እሱ ይመስለኛል። የብረት ኳሶች በክር ተንጠልጥለው ቀጭ ቀጭ የሚሉበት የኒውተን መጫወቻ የትም አገር ያው ነው፤ የጎን ጠረጴዛ ባልደረባን ከማናደድ አያልፍም።

ምንም አለማድረግን ሥራዬ ያሉም አሉ። የኮምፒውተር ተመራማሪው ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1952 ቤል ላብስ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሳለ ያሰባት ሳጥን አለች፤ ማብሪያውን ስትነኩ ክዳኑ ይከፈትና እጅ ወጥቶ መልሶ ያጠፋዋል፣ በቃ። ታዋቂው የሒሳብ ሰው ክላውድ ሻነን አንዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። አሜሪካዊው ጋሪ ዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ተራ ድንጋይ ካርቶን ውስጥ አድርጎ «የቤት እንስሳ» ብሎ ሸጠ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተገዛለት። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2019 ድረ ገጹ የተዘጋው ቲንክጊክ የተባለው ሱቅ ያንን ድንጋይ ኬብል ቀጥሎለት በዩኤስቢ አመጣው። ሲሰካ ምንም አያደርግም። የድሬው ደቻቱ ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ድንጋይ ለመሸጥ የሞከረ ይንገረኝ።

ኢንተርኔት የሚፈልጉትን ስትገዙ ደግሞ ናባዝታግን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣች በዋይፋይ የምትሠራ ነጭ ጥንቸል ናት፤ ጆሮዋን እያንቀሳቀሰች ኢሜይል መጣ፣ ዛሬ ዝናብ አለ ትላለች። ሥራዋ ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር በኩል ነበር። ኩባንያው ከሰረ፣ ቆይቶ ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ጥንቸሎቹም በየጠረጴዛው ላይ ዝም አሉ። ኔትወርክ እየመጣ በሚሄድበት ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ሳትጠይቅ የምትዞር ቬንትሌተር ትመረጣለች።

እሷም ብትሆን ግን ጣጣ አላት። የሚሰካ ነገር ሁሉ ኮምፒውተሩን ሊያናግር ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰጥቶ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ያልተመለሰ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች ያሳዩት ደግሞ የባሰ ነው፦ የዩኤስቢ ዕቃ ውስጥ ያለው ቺፕ ፕሮግራሙ ተቀይሮ «እኔ ኪቦርድ ነኝ» ሊል ይችላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት የሚጽፈውን ሁሉ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ትራምፕና የሰሜን ኮሪያው ኪም ጆንግ ኡን ሲንጋፖር ሲገናኙ ለጋዜጠኞች ከታደለው ስጦታ ውስጥ የዩኤስቢ ቬንትሌተር ነበረች። አገሩ ይሞቃል፣ ስጦታው ይመጥናል። የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያዎች ግን «እንዳትሰኳት!» ብለው ጮኹ። በኋላ አንዷ ተፈትሻ ከሞተሯ ሌላ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘባትም፣ ይሁንና ጩኸቱ ተገቢ ነበር። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለጥናት ሆን ተብሎ ከተጣሉት 297 ፍላሾች ግማሽ ያህሉን ያገኟቸው ሰዎች ሰክተው ከፍተዋቸዋል። ቬንትሌተሯን እንግዲህ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከምትሰኩ ስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ላይ ስኳት።

ለአቧራው ተብሎ የሚሸጥ የኪቦርድ ቫኪውምም አለ፤ ይጮኻል፣ የድሬን አሸዋ ግን አያነሳም። የቀለም ብሩሽ ይበልጠዋል። ቬንትሌተሯን የሚገድላትም ይኸው አቧራ ነው፣ ሞተሯ መሃል ገብቶ ያደርቃታል። ማንጓጓት ስትጀምር ቅጠሏን ነቅላችሁ መዞሪያዋ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጉላት። ጭራሽ ካልተነሳች ብዙውን ጊዜ ኬብሉ አንገቱ ላይ ተበጥሶ ነው፤ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዷት። አዲስ ኬብል ሲበይድላችሁ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኝ፤ መረጃ የሚያስተላልፉትን ነጩንና አረንጓዴውን ግን ቆርጦ ይተዋቸው። ያኔ የፈለጋችሁት ኮምፒውተር ላይ መሰካት ትችላላችሁ።